ዘር፣ ማሳና ጊዜ፦ የቋንቋ ችሎታ ምንጭ ክርክር ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

መግቢያ

የሰው ጠባይና ችሎታ ከትውልዱ የሚቀዳ መሆኑን ለማስረዳት ሲፈለግ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። ውሎ ሰውን እንደሚለውጥ ለመናገር ሲፈለግ ደግሞ ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደር ትጠቀሳለች። ሁለቱ ምሳሌያዊ አነጋገሮች በአንድ ሰው አንደበት፣ በአንድ ቀን ሊነገሩ ይችላሉ፤ ተናጋሪውን ግን ተቃረንህ ብሎ የሚከሰው የለም። በሳይንሱ ዓለም ሁለቱ አስተሳሰቦች እንደ ሁለት ጎራ ተፋጠው ኖረዋል። የሰው ልጅ የሚናገረው የቋንቋን ሥርዓት በአእምሮው ይዞ ስለሚወለድ ነው ወይስ ከአካባቢው ስለሚማር? ይህ ጥያቄ ባለፉት ሰባት አሥርት ዓመታት ሥነ ልሳንን፣ ሥነ ልቡናንና ኮግኒቲቭ ሳይንስን ሲያከራክር ቆይቷል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። ጥያቄው «ምን ያህሉ ከተፈጥሮ፣ ምን ያህሉ ከአስተዳደግ?» ተብሎ ሲቀርብ መልስ የለውም። «የትኛው ክህሎት፣ በየትኛው የዕድገት ደረጃ፣ ምን ዓይነት ግብአት ይፈልጋል?» ተብሎ ሲቀርብ ግን በሙከራ ሊመለስ ይችላል። በሁለቱ አጠያየቆች መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ብቻ አይደለም። በመጨረሻው ክፍል እንደሚታየው፣ መስማት የተሳነው ሕፃን መቼ ምን ሊደረግለት እንደሚገባ የሚወስን ልዩነት ነው። ነገሩን ለማብራራት ከወረታ ዙሪያ ካለው የሩዝ ማሳ መነሣት ይጠቅማል።

የሩዝ ማሳው የሚያስተምረው

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ዋልካ መሬት ነው። ሜዳው ለብዙ ዘመን የሚታወቀው በፎገራ የከብት ዝርያና ውሃው ሲሸሽ በቀሪው እርጥበት በሚዘሩት ጓያና ሽምብራ ነበር። ሩዝ በደርግ ዘመን ከገባ በኋላ ግን የአካባቢው ኑሮ ተለወጠ። በሰፊው የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ሩዝ ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቀበሌዎች አንዷ ከሆነችው ከጅግና ነው። ዛሬ በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል።

በዚህ ሜዳ የሚሠራ የሰብል ተመራማሪ «ምርቱ ከዘሩ ነው ወይስ ከማሳው?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው እንግዳ ይሆንበታል። ለማብራሪያ ያህል የታሰቡ ቁጥሮችን እንውሰድ። ዝርያ ሀ ውሃ በሚተኛበት ማሳ በሄክታር 40 ኩንታል፣ ውሃ በማይተኛበት ማሳ 15 ኩንታል ይሰጣል እንበል። ዝርያ ለ ደግሞ በመጀመሪያው 30፣ በሁለተኛው 25 ይሰጣል። ከዝርያ ሀ 40 ኩንታል ውስጥ ስንቱ ከዘሩ፣ ስንቱ ከውሃው መጣ? መልስ የለም፤ ዘር ከሌለ ምርቱ ዜሮ ነው፣ ውሃና አፈር ከሌለም ዜሮ ነው። «የትኛው ዝርያ ይበልጣል?» ለሚለውም ጥቅል መልስ የለም፤ ማሳው ሲለወጥ የበላይነቱ ይገለበጣል። ተመራማሪዎች ይህን የዝርያና የአካባቢ መስተጋብር ይሉታል። አንድ ዝርያ በተለያዩ ማሳዎች ደጋግሞ የሚሞከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው «የውርስ ድርሻ» ተብሎ የሚሰላውን መጠን ይመለከታል። ልዩ ልዩ ዝርያዎች ፍጹም በተስተካከለ አንድ ማሳ ላይ ቢዘሩ በምርት መካከል የሚታየው ልዩነት ሁሉ የዘር ይሆናል፤ የውርስ ድርሻው ወደ መቶ በመቶ ይጠጋል። አንድ ንጹሕ ዝርያ በልዩ ልዩ ማሳዎች ቢዘራ ደግሞ የውርስ ድርሻው ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ስላለው ልዩነት እንጂ በአንድ ግለሰብ ውስጥ ስላለው ችሎታ አይደለም። የዘረመል ሊቁ ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1970 በበቆሎ ዘር ምሳሌ እንዳሳየው፣ በአንድ ማሳ ውስጥ ያለው ልዩነት ሁሉ ከዘር የመጣ ቢሆንም እንኳ በሁለት ማሳዎች መካከል ያለው ልዩነት ሙሉ በሙሉ ከአፈሩ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት ጊዜን ይመለከታል። ሩዝ የሞቃት አገር ሰብል በመሆኑ በፎገራ ከፍታ ላይ ብርድ ያሰጋዋል። ነገር ግን ያው ብርድ በየትኛውም ጊዜ አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርስም። ዘለላው ሊወጣና ሊያብብ በተቃረበበት ወቅት ከመታው አበባው ይመክናል፤ ዘለላው ይወጣል፣ ፍሬ ግን አይቋጥርም። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፀሐይ ያለፈውን አይመልስም። «አካባቢ» ማለት ምን እንደተገኘ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተገኘም ጭምር ነው። ይህን ይዘን ወደ ቋንቋ እንለፍ።

ክርክሩ እንዴት እንደቆመ

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋን እንደማንኛውም ጠባይ በማነቃቂያ፣ በምላሽና በሽልማት የሚቀረጽ ልምድ አድርጎ አቀረበው። ኖም ቾምስኪ በ1959 ባወጣው ግምገማ ይህን አጥብቆ ነቀፈ። ዋና ነጥቡ ልጆች ሰምተውት የማያውቁትን ዓረፍተ ነገር ያለ ትምህርት ይመሠርታሉ፣ የሚሰሙት ንግግርም ለሚደርሱበት ሥርዓት በቂ ማስረጃ አይደለም የሚል ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ሰው ሁሉ የሚወለድበት ሁለንተናዊ ሰዋስው አለ የሚለው መላምት ተስፋፋ።

ለእኛ አንባቢዎች ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቾምስኪ በ1951 ለማስተርስ ዲግሪው የጻፈው ጥናት የአማርኛ ዘመድ በሆነው በዕብራይስጥ ቃላት አመሠራረት ላይ ነበር። ሴማዊ ቋንቋዎች ለክርክሩ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። «ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ተሰባበረ» በሚሉት ቃላት ውስጥ ስ-ብ-ር የሚባለው ሥር ለብቻው ተነግሮ አያውቅም። ማንም እናት ለልጇ ሦስት ተነባቢዎችን ለይታ አታሳይም። ሆኖም ተናጋሪው ሥሩን ያውቀዋል። ከጣልያንኛ የመጣው «ፊርማ» ወደ አማርኛ ሲገባ ፍ-ር-ም የሚል ሥር ተፈልቅቆለት «ፈረመ፣ ፈራሚ፣ ተፈራረመ፣ አስፈረመ» ተብሎ ረብቷል። የተፈጥሮ ወገን «ይህን ማን አስተማረው?» ይላል። የአስተዳደግ ወገን ደግሞ «በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት ሰምቶ ነው» ይላል። የኋላ ዘመን ሙከራዎች ሁለቱም መልሶች ግማሽ መንገድ ላይ የቆሙ መሆናቸውን አሳይተዋል።

ጆሮ የሚያመጣውና ጆሮ የሚተወው

ፒተር አይማስና ባልደረቦቹ በ1971 የአንድ ወርና የአራት ወር ሕፃናት የ«በ» እና የ«ፐ» ዓይነት ድምፆችን እንደሚለዩ አሳዩ። ይህ ለንግግር የተዘጋጀ ተፈጥሮአዊ ጆሮ መኖሩን የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር። በ1975 ግን ፓትሪሺያ ኩልና ጄምስ ሚለር ቺንቺላ የተባለች አይጥ መሰል እንስሳም ተመሳሳይ ድምፆችን ሰው በሚለይበት ወሰን አካባቢ እንደምትለይ አረጋገጡ። ችሎታው ተፈጥሮአዊ መሆኑ አልተካደም፤ ለቋንቋ ብቻ የተፈጠረ መሆኑ ግን አጠራጠረ።

ቀጣዩ እርምጃ ይበልጥ ያስተምራል። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በ1984 ባወጡት ጥናት በምዕራብ ካናዳ በሚነገር የነባር ሕዝቦች ቋንቋ ውስጥ ያሉ ሁለት ድምፆችን ወሰዱ። ሁለቱም እንደ አማርኛው «ቀ» አየር በጉሮሮ ታፍኖ በግፊት ሲለቀቅ የሚፈጠሩ ናቸው፤ አንዱ ለ«ቀ» የቀረበ ሲሆን ሌላው ከዚያ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይነገራል። በእንግሊዝኛ ቤት የሚያድጉ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያሉ ሕፃናት አብዛኞቹ ልዩነቱን ለዩ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር ያሉት ግን አብዛኞቹ አልለዩም። በዚያው ቋንቋ ውስጥ የሚያድጉት ሕፃናት በዚህ ዕድሜም ችሎታው አልጠፋቸውም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የሚሆነው ነገር የተፈጥሮም ሆነ የልምድ ብቻ አይደለም። የሕፃኑ ጆሮ ሰፊ ሆኖ ይጀምራል፤ የሚሰማው ቋንቋ የትኛው ልዩነት ፋይዳ እንዳለው እያመለከተ ያጠበዋል። በወረታ የሚያድግ ሕፃን «ከበረ» እና «ቀበረ» ሁለት የማይገናኙ ነገሮች በሆኑበት ዓለም ውስጥ ይሰማል። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው። «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜን ያመለክታል፣ ጠብቆ ሲነገር በዓሉን፤ «ዋና» ላልቶ በውሃ ውስጥ መዋኘት፣ ጠብቆ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም። ልጁ ከመምህር ፊት ቀርቦ «ሀ፣ ሁ» ሳይል በፊት በጆሮው የያዘው እውቀት ስለሆነ ሲያነብ ራሱ ይሞላዋል። ማንበብ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ማንም ልጅ ፊደልን ያለ ትምህርት በመስማት ብቻ አያውቅም። እንግዲህ «ቋንቋ» በምንለው በአንዱ ስም ሥር እንኳ የተለያየ ግብአት የሚፈልጉ ክህሎቶች አሉ።

መማርም ተፈጥሮ አለው

በ1996 ጄኒ ሳፍራን፣ ሪቻርድ አስሊንና ኤሊሳ ኒውፖርት የስምንት ወር ሕፃናትን ትርጉም የሌለው፣ በቃላት መካከል ዕረፍት የሌለው ንግግር ለሁለት ደቂቃ ያህል አሰሟቸው። ሕፃናቱ የትኛው ቀለም የትኛውን ደጋግሞ እንደሚከተል በመከታተል ብቻ የ«ቃላቱን» ወሰን ለዩ። የአስተዳደግ ወገን በዚህ ውጤት ተደሰተ፤ ልጆች ከታሰበው በላይ ከሚሰሙት ይማራሉና።

ሆኖም ኒውፖርትና አስሊን በ2004 ያወጡት ጥናት የመማር ኃይሉ ራሱ ወሰን እንዳለው አሳየ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አዋቂዎች በመካከላቸው ሌላ ቀለም የገባባቸውን ሁለት ቀለሞች ዝምድና መማር አቃታቸው። ዝምድናው በተነባቢዎች መካከል ሆኖ በየመካከሉ አናባቢዎች ሲለዋወጡ ግን ተማሩት። ይህ ደግሞ ስ-ብ-ርን ከ«ሰበረ»ና ከ«ስብራት» የማውጣት ሥራ ነው! የሙከራው ተሳታፊዎች ሴማዊ ቋንቋ ሰምተው ያደጉ አልነበሩም፤ ችሎታው ግን ነበራቸው። የአማርኛን ሥር ይዞ የተወለደ የለም። የተወለደው አንዳንድ ዝምድናዎችን በቀላሉ፣ ሌሎችን በችግር የሚይዝ ተማሪ ነው። የዓለም ቋንቋዎችም ለእንዲህ ያለ ተማሪ የሚመቹ ሥርዓቶችን ይዘው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሸጋገራሉ። ተፈጥሮ የመማር ተቃራኒ ሳይሆን የመማር ቅርጽ ነው።

አንድ ጂን፣ አንድ ቋንቋ?

«ኬ ኢ» በሚል መለያ የሚታወቅ በእንግሊዝ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ለተፈጥሮ ወገን ጠንካራ ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል። በሦስት ትውልድ ከቤተሰቡ አባላት ግማሽ ያህሉ ከባድ የንግግር ችግር ነበረባቸው። በ2001 የችግሩ ምክንያት ፎክስፒ2 በተባለ ጂን ላይ የደረሰ ለውጥ መሆኑ ታወቀ። በ1990ዎቹ ስለ «ሰዋስው ጂን» ብዙ ተጽፎ ነበር። ዝርዝር ምርመራው ግን ችግሩ ሰዋስው ላይ ብቻ ያልተወሰነ መሆኑን አሳየ፤ የአፍና የፊት እንቅስቃሴን ማቀናጀትም ያስቸግራቸው ነበር። ጂኑም የሰው ብቻ አይደለም፤ በአይጥና በወፍም አለ፣ በወፎች ዜማ መማር ላይም ድርሻ እንዳለው ታይቷል። ሲበላሽ ንግግርን ያውካል ማለት ንግግርን ብቻውን ይሠራል ማለት አይደለም። የቦይ በር ሲሰበር ማሳው ይደርቃል፤ ሩዙን ያበቀለው ግን የቦዩ በር ነው አይባልም።

የውርስ ድርሻም ቢሆን ከሁኔታ ውጭ የቆመ ቁጥር አይደለም። ኤሪክ ተርክሃይመርና ባልደረቦቹ በ2003 በአሜሪካ መንትዮች ላይ ባደረጉት ጥናት በአእምሮ ብቃት መለኪያ ውጤት ላይ የውርስ ድርሻው በባለጸጋ ቤተሰቦች ከፍተኛ፣ በድሃ ቤተሰቦች ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ አገኙት። በኋላ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ይህን ንድፍ ሁልጊዜ አላገኙም። አለመስማማቱ ራሱ ነጥቡን ያጠናክራል፤ ቁጥሩ ከማኅበረሰብ ወደ ማኅበረሰብ ይለዋወጣል። በአንድ አገር የተለካን የውርስ ድርሻ ወስዶ በፎገራ ገጠር ትምህርት ቤት ያለን ተማሪ መገመት በአንድ ማሳ የተለካን ምርት ለሌላ ማሳ እንደመተንበይ ነው።

ጊዜ፦ መስማት የተሳናቸው ልጆች ጉዳይ

እስካሁን የቀረበው ሁሉ ከመስማት የተሳናቸው ልጆች ሕይወት ጋር ሲገናኝ ክብደቱ ይታያል። በኒካራጓ እስከ 1970ዎቹ ድረስ መስማት የተሳናቸው ልጆች እርስ በርስ የሚገናኙበት ዕድል ጠባብ ነበር። በ1977 በማናጓ ልዩ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ልጆቹ ከየቤታቸው ያመጧቸውን እንቅስቃሴዎች ማዋሐድ ጀመሩ፤ ማንም አዋቂ ያላስተማራቸው አዲስ ምልክት ቋንቋ ተወለደ። አን ሴንጋስና ባልደረቦቿ በ2004 እንዳሳዩት፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች «እየተንከባለለ ወረደ» የሚለውን በአንድ እንቅስቃሴ ይገልጹ ነበር። በኋላ በሕፃንነታቸው የገቡት ግን መንከባለሉንና መውረዱን ለየብቻ ከፍለው፣ እንደ ቃላት አከታትለው መግለጽ አዘወተሩ። ልጆች የተሰጣቸውን ብቻ አይቀበሉም፣ ያደራጁታል። የሩዝ ምሳሌያችን ወሰኑም እዚህ ላይ ይታያል፤ ሩዝ ማሳውን አይፈጥርም፣ ልጆች ግን የሚያድጉበትን ቋንቋ ራሳቸው ሊፈጥሩ ይችላሉ። ሆኖም ይህን ያደረጉት ሲሰባሰቡ ነው፤ በየቤቱ ተነጥሎ የቀረ ልጅ ብቻውን እዚህ አልደረሰም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከሬቸል ሜይቤሪ ሥራ የተገኘ ነው። ሜይቤሪና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ጥናት የአሜሪካን ምልክት ቋንቋ ዘግይተው፣ በትምህርት ዕድሜ የተማሩ ሁለት ዓይነት ሰዎችን አነጻጸሩ። አንደኞቹ ሰሚ ሆነው ተወልደው፣ አፍ ፈትተው፣ በኋላ መስማት የተሳናቸው ናቸው። ሁለተኞቹ ሲወለዱ ጀምሮ የማይሰሙና በሕፃንነታቸው የተሟላ ቋንቋ ያላገኙ ናቸው። ምልክት ቋንቋውን በተቀራራቢ ዕድሜ ቢጀምሩም የመጀመሪያዎቹ እጅግ የተሻለ ችሎታ አሳዩ። ልዩነቱን ያመጣው ቀድሞ የተገኘው ቋንቋ በንግግር ወይም በምልክት መሆኑ አልነበረም፤ በጊዜው ቋንቋ መገኘቱ ነበር።

ይህ ንጽጽር ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል በሚነሣው የማጅራት ገትር ቀጠና ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች፤ በሽታው ሳይገድል ሲቀር የመስማት ኃይልን ሊወስድ ይችላል። በአንድ መንደር አንዱ ልጅ በአምስት ዓመቱ በማጅራት ገትር መስማት ቢሳነው፣ ሌላው ደግሞ ሳይሰማ ቢወለድ፣ ሁለቱም በሰባት ዓመታቸው ምልክት ቋንቋ ከሚያስተምር ክፍል ቢገቡ መነሻቸው አንድ አይሆንም። ሁለተኛው ከቀረ መምህሩ «ተፈጥሮው ነው» ሊል ይችላል። በእርግጥ የጎደለው ግን ተፈጥሮ አይደለም። መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ ከሰሚ ወላጆች ይወለዳሉ፤ ወላጆቹ በፍቅር ያሳድጉታል፣ በእጅ ጥቆማም ይግባቡታል፤ የተሟላ ቋንቋ ግን ወደ ዓይኑ አልደረሰም። አበባው በሚያብብበት ሰሞን ብርድ መታው። በሰባት ዓመቱ የሚመጣው ፀሐይ ዋጋ ቢኖረውም ያለፈውን ሁሉ አይመልስም።

መደምደሚያ

ከዚህ ለምርምራችን ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ «ተፈጥሮ» የሚለውን ቃል ልናብራራው ላልቻልነው ልዩነት መጣያ አድርገን መጠቀም የለብንም። የተማሪ ውጤት ልዩነት ተለክቶ የሚቀረው ክፍል «ተሰጥኦ» ከመባሉ በፊት መስማቱ፣ የቤቱ ቋንቋና ትምህርት የጀመረበት ዕድሜ ሊመረመሩ ይገባል። ሁለተኛ፣ መጥበቅና መላላት፣ ታፍነው የሚለቀቁት ድምፆችና የሥር ሥርዓት አማርኛን ለዓለም አቀፉ ክርክር ጠቃሚ መፈተኛ ያደርጉታል። ልጆች እነዚህን በስንት ወራቸው፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚይዟቸው ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ባሉ ቤቶች ውስጥ በመቅረጸ ድምፅ ሊጠና የሚችል ጉዳይ ነው። ሦስተኛ፣ በዕድገት ላይ የሚደረግ ጥናት ሁሉ ግብአቱ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተገኘም መመዝገብ አለበት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ዲግሪ መስጠት መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ከዚያ የሚመረቅ ባለሙያ ልጁን የሚያገኘው በትምህርት ቤት ደጃፍ ከሆነ አብዛኛው ጊዜ አልፏል። የመስማት ምርመራ ለጨቅላ ሕፃናት፣ የምልክት ቋንቋ ትምህርት ደግሞ ለወላጆች በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ሊደርስ ይገባል። የፎገራ ገበሬ ዘሩ ጥሩ ነው ብሎ የመዝሪያውን ጊዜ አያሳልፍም፣ ማሳው ለም ነው ብሎም ማንኛውንም ዘር አይበትንም። ስለ ልጆቻችን አእምሮ ስናስብም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረን አይገባም።